ለሚሮጥ ሰው የሚሆን ካሜራ

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የክለባችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ልምምድ ላይ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ከሜዳው ራቅ ብዬ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜያለሁ፤ እትዬ አስቴር እንደ ልማዳቸው መስመሩ ላይ ተንበርክከዋል። አንዷ ተጫዋች ኳስ ለመምታት ስትዘል ካሜራቸው ሳል የመሰለ ድምፅ አሰማና ቀጥ አለ። አገላብጠው አዩት፤ ባትሪውን አውጥተው መለሱት፤ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጡት። በመጨረሻ ቦርሳው ውስጥ ቀስ አድርገው አስቀመጡትና ጉልበታቸውን እያራገፉ ወደ እኔ መጡ።

«አበቃለት። ብዙ ስላገለገለን አናማውም» አሉኝ። «አዲሱን ግን አንቺ ነሽ የምትመርጪው።»

ካሜራ መርጬ እንደማላውቅ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ጡረታቸው መድረሱን አስታወሱኝ። የሚገዛው ካሜራ እሳቸው አንገት ላይ ብዙ አይቆይም። ከዚያ በኋላ ወይ የእኔ ይሆናል፣ ወይ ሌላ ሰው ይቀጠርበታል።

እትዬ አስቴር ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ልጃቸው ደውላ መርዶውን ከነገረችኝ በኋላ ትንሽ አለቀስንና፣ ለቀብሩ የሚሆን ፎቶ እኔ ዘንድ እንዳለ ጠየቀችኝ። ቤታቸው ያለው ፎቶ ከአንድ የተማሪነት ፎቶ በቀር ሁሉም የሌላ ሰው ነው፤ ምንጊዜም አንሺዋ እሳቸው ነበሩና። እኔ ዘንድ አንድ ነበረኝ። ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በአንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በአስፋልቱ ጠርዝ ሲሮጡ የተነሳ ነው። ከዘመዶቻቸው አንዳንዶቹ ለቀብር የሚሆነው ተረጋግተው የተቀመጡበት ፎቶ ነው ብለው አንገራገሩ። ልጃቸው ግን ይሄው ይሁን አለች። ስለዚህ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ከሚገኘው ቤታቸው አስከሬኑ ሲወጣ፣ ከፊት በተያዘው ፎቶ ላይ እትዬ አስቴር ይሮጡ ነበር። ከለቀስተኛው ውስጥ አንዲት ሴትዮ ይህን ማን መረጠው ብላ ስታንሾካሹክ ሰምቻለሁ። ያኔ ያልመለስኩላትን አሁን ልመልስ።

ክለቡ የቀጠረኝ ዜና እንድጽፍ ነበር። አባቴና እናቴ ለማስተማር ከሰሜን መጥተው ሐዋሳ ላይ የቀሩ መምህራን ናቸው፤ ቤታችን መጽሐፍ እንጂ ጩኸት አልነበረበትም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ነው። መጻፍ እወዳለሁ። ሰው ፊት መቆም ግን እጅግ ይከብደኛል። ሜዳው ማዶ ላለች ተጫዋች የቃለ መጠይቅ ጥያቄ በቴሌግራም ልኬ መልሷን በቴሌግራም የምጠብቅ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ ስቀጠር በግልጽ ነግሮኛል። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ሁለት ሰው የሚይዘው እትዬ አስቴር እስኪወጡ ብቻ ነው፤ ከዚያ ጽሑፉንም ፎቶውንም የሚይዝ አንድ ሰው ይቀራል። ሜዳ ወርጄ ፎቶ ማንሳት ካልቻልኩ፣ የሙከራ ጊዜዬ ሲያበቃ እሰናበትና ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ በኮንትራት ይያዛል። ይህን እያወቅኩ ነው ዛፍ ጥላ ሥር የምቆመው።

እትዬ አስቴር ረጅም ናቸው፤ ድምፃቸውም ከሜዳ ሜዳ ይሰማል። የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆነው ብዙ ዘመን ሠርተው ነው ወደ ክለቡ የመጡት። ከቀሚሳቸው ሥር ሁልጊዜ ቱታ ሱሪ ይለብሳሉ፤ ጉልበቱ ላይ ከአሮጌ ኳስ የተቆረጠ ቆዳ አሰፍተውበታል። ጠጠር ላይ ይንበረከኩ፣ ጭቃ ላይ ይንበረከኩ፣ ያ ሱሪ አይበሳም። ኪሳቸው ውስጥ ለዝናብ የሚሆን ፌስታል አይጠፋም። ከገጠር ከመጡት ተጫዋቾች ጋር በሲዳሙ አፎ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ዳኛውን ሲቆጡ ሁለቱንም ይቀላቅላሉ። ከጨዋታ በፊት ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። አንድ ቀን ማን እንዲያሸንፍ ነው የሚጸልዩት ብዬ ብጠይቃቸው፣ ዝናቡ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲታገሥ ነው አሉኝ።

ኮምፒውተር ላይ ግን አያድርስ ነበር። የሚያነሱትን ሁሉ «የዛሬ»፣ «የዛሬ አዲሱ»፣ «የዛሬ ትክክለኛው» እያሉ ያስቀምጡትና፣ የባለፈውን ወር ጨዋታ ሲጠየቁ ጠረጴዛውን ይመታሉ። ፎቶዎቹን በየቀኑና በየቡድኑ ያደራጀሁላቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ያደራጀሁትን አንድ በአንድ ከፍተው አዩና፣ «እኔ ይሄን ሁሉ ሠርቻለሁ?» አሉ።

እኔን ማስተማር የጀመሩት ካሜራ ሳይሰጡኝ ነው። ልምምድ ላይ አጠገባቸው ያስቀምጡኝና፣ ተጫዋቿ ከመሬት ከመነሳቷ በፊት «አሁን» እንድል ያዙኛል። ስትዘል አይተው ካሉት ቆይቷል፤ ካሜራውም ጣትም የሚዘገይ ነገር አላቸው። እኔ ደግሞ ሰዓቱን ባውቀውም ድምፄ አይወጣም።

«ለእኔ አይደለም የምትነግሪው» ይሉኛል፤ «ለመረቡ ንገሪው።»

ዘግይቼ ካልኩ፣ እሱ እኮ ትናንት ነው ብለው ይስቁብኛል። ኳሱን ተይው፣ ወገቧን እዪ ይሉ ነበር፤ ሰው ከመዝለሉ በፊት ወገቡ ዝቅ ይላል፣ ኳስ የሚያታልለውን ሁሉ ወገብ ይናገራል። ቀስ በቀስ ገባኝ። ተጫዋቾቹም ስም አወጡልኝ። ሜዳው በር ላይ ብቅ ስል፣ «አሁን መጣች» ይላሉ፤ እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። እትዬ አስቴር ግን ስም የወጣለት ሰው ማለት ሰው ያየው ሰው ነው ብለው አጽናኑኝ።

ካሜራውን እንድመርጥ ሲያዙኝ የማውቀውን አደረግሁ። አነበብኩ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አገላብጬ፣ ባለሙያዎች ያወዳደሩበትን ቪዲዮ አይቼ፣ በዐምድ በዐምድ የተከፈለ ሰንጠረዥ ሠራሁ። አዲስ አበባ ያለ አቅራቢ ሁለት ካሜራዎች ለሙከራ ላከልን። አንደኛው ትልቅ ነው። ሜጋፒክስሉ ብዙ፣ ሌንሱ ረጅም፤ ከሐይቁ ዳር ሆነው ጀልባ ላይ ያለውን ሰው ፊት ማየት ይቻላል። ሁለተኛው አነስ ይላል። ሜጋፒክስሉም ያንሳል፣ ሌንሱም ሩቅ አያደርስም። ነገር ግን አንዴ ሲጫኑት በሰከንድ ውስጥ ብዙ ፎቶ ያከታትላል፤ ፎከሱም የሚንቀሳቀስን ሰው ይዞ አይለቅም። ለየዐምዱ ነጥብ ሰጥቼ ስደምር ትልቁ አሸነፈ።

ሰንጠረዡን ለእትዬ አስቴር አነበብኩላቸው። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ።

«ይሄ ሜጋፒክስል የምትይው፣ ልጅቷ ስትዘል ይደርስባታል?»

አይደርስም፣ እሱ ፎቶውን ሲያሳድጉት እንዳይደበዝዝ ነው አልኳቸው። እሺ ቀጥይ አሉኝ። ያንቺ ምርጫ ልክ አይደለም የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ግዢውን የሚያጸድቀው የሦስት ሰው ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው የፋይናንስ ኃላፊያችን አቶ ግርማ ናቸው፤ ግዙፍ፣ ጨዋ፣ ሙቀት እንኳ ቢሆን ሙሉ ልብስ የማይለያቸው ሰው። በቀጣዩ ሳምንት አርብ ዕለት ኮሚቴው ካሜራዎቹን ሊሞክር ወጣ። አሞካከራቸውን እስከ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ሦስቱም ኮታቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው፣ ሕንፃው ፊት ለፊት ተደርድረው ቆሙ። በትልቁ ካሜራ አነሳኋቸው። ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የአቶ ግርማ ክራቫት ላይ ያለው ጥለት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። የንብረት ክፍሉ ሰው ከጆሮው በላይ ያልጠረጠረውን ሽበት አይቶ ደነገጠ፤ ሌሎቹ ሳቁበት። ሁሉም የየራሱን ፊት አሳድጎ ካየ በኋላ ይሄው ይገዛ ተባለ። ሰኞ ጠዋት ሊፈርሙ ተቀጣጠሩ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

እትዬ አስቴር በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «ቆንጆ ናችሁ» ብቻ ብለው ሄዱ።

እሑድ የሴቶች የብስክሌት ውድድር ነበር። ከከተማው ተነስተው እስከ ቱላ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ሁለት ዙር ነው። እትዬ አስቴር ሁለቱንም ካሜራ ይዘሽ ነይ ብለውኝ ስለነበር፣ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለው መታጠፊያ ላይ አገኘኋቸው። እሳቸውም ከቸርች መምጣታቸው ነው፤ ሱሪው ግን ከቀሚሱ ሥር አለ። ነጠላዬን ሌንሱ ላይ እንዳይወርድ ወገቤ ላይ እንዳስር አዘዙኝና፣ የመጀመሪያውን ዙር በመረጥሽው አንሺ አሉኝ።

ከመታጠፊያው ርቄ፣ ማዶ ካለው አደባባይ ሣር ላይ ቆምኩ። ሰው አልነበረበትም። ትልቁን ካሜራ ዐይኔ ላይ ሳደርግ መንገዱ ሁሉ ወደ እኔ መጣ፤ እኔን ግን ማንም አያየኝም። እንዲህ ያለ ሰላም ሥራ ላይ ተሰምቶኝ አያውቅም። ከዚያ ብስክሌተኞቹ ደረሱ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሊያይ ብድግ አለ፤ ባንዲራ ተውለበለበ፤ የካሜራው ፎከስ አንዴ መብራት ምሰሶ ላይ፣ አንዴ የሰው ጭንቅላት ላይ እያረፈ ሲያመነታ ልጆቹ አለፉ። እትዬ አስቴር መጥተው ያነሳሁትን ተመለከቱ። የአንድ ሰውዬ ማጅራት እጅግ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ብስክሌቶቹ ከኋላው እንደ ታጠበ ቀለም ፈስሰዋል።

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም።

«ትግስቴ» አሉኝ፤ «ይቺን ካሜራ የመረጥሻት ለብስክሌቱ አይደለም። ሰው ሳያይሽ ሰው ለማየት ነው።»

ሰንጠረዡን የሠራሁት በታማኝነት ነበር፤ አንድም ቁጥር አላዛባሁም። ነገር ግን ሩቅ ለሚያደርሰው ሌንስ ትልቁን ነጥብ የሰጠሁት ማንም ሳያዘኝ ነው። ይህን ያኔ ነው ያወቅኩት፤ እሳቸው ገና ሳነብላቸው አውቀውት ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ቢነግሩኝ ኖሮ ተከፍቼ፣ አንገቴን ደፍቼ እሺ እል ነበር እንጂ አላምናቸውም ነበር።

ሁለተኛው ዙር እስኪደርስ ጊዜ ነበረን። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። እትዬ አስቴር ስለ ራሳቸው ብዙ አያወሩም ነበር፤ ያን ቀን ግን ይርጋለም ተማሪ ሳሉ መቶ ሜትር ይሮጡ እንደነበር ነገሩኝ። ከትምህርት ቤቱ የሚቀድማቸው ሴት አልነበረችም። የተጠራው ፎቶ አንሺ ሩጫው ካለቀ በኋላ ሰብስቦ፣ ፀጉራቸውን አስተካክሎ፣ ዋንጫ አስይዞ አቆማቸው። ቤታቸው ያለው አንዱ ፎቶ ያ ነው።

«መቆምማ ማንም ሰው ይቆማል» አሉ። «ስሮጥ ምን እንደምመስል እስከ ዛሬ አላውቅም። እነዚህ ልጆች ይወቁት።»

ትልቁን ካሜራ ከአንገቴ አውልቀው እሳቸው አጠለቁት፤ ትንሿን ሰጡኝ። የሷ ሌንስ ከሩቅ አያመጣም፤ መቅረብ የግድ ነው። መታጠፊያው ላይ፣ ከሰዉ ሁሉ ፊት፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተንበረከክሁ። ከኋላዬ አንዱ፣ እህት ጭንቅላትሽን ዝቅ አድርጊ አለኝ። ሌላው፣ ተዋት ሥራዋን ትሥራ አለው። ካሜራዋን ዐይኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ብስክሌተኞቹ ሲመጡ ጎማውን ትቼ የመጀመሪያዋን ልጅ ወገብ አየሁ፤ ከመቀመጫው ሊነሳ ሲል ተጫንኩ። ካሜራዋ ተንጣጣች፤ ልጅቷን ይዛ አልለቀቀችም። ፔዳሉ ላይ ቆማ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አንዱ ትከሻዋ መንገዱን ሊነካ ደርሶ ስትታጠፍ አገኘኋት። ትንፋሿ ፊቴ ላይ ያለፈ መሰለኝ።

ከሁሉ ኋላ የቀረችው የቱላ ልጅ ነበረች፤ ልትተው ምንም አልቀራትም። ድንገት እትዬ አስቴር በሲዳሙ አፎ እየጮኹ ከጎኗ መሮጥ ጀመሩ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ያ ትልቅ ካሜራ ደረታቸው ላይ እየዘለለ። ካሜራዬን ወደ እሳቸው አዞርኩ።

ውድድሩ አልቆ ሰዉ ሲበተን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው ስክሪኑን ዐይናቸው ሥር አስጠጉት።

«ክርኔን እዪው» አሉ በመጨረሻ። «አሁንም ወደ ውጭ ይከፈታል። አስተማሪዬ ለዚህ ነበር የሚቆጣኝ።»

ካሜራዋን እስክንለያይ አልመለሱልኝም።

ያን ዕለት ለመንኳቸው፤ ነገ ኮሚቴው ዘንድ አብረውኝ እንዲገቡ። ለዐይናቸው የክሊኒክ ቀጠሮ ነበራቸው። ቀጠሮው ባይኖርም አልገባም ነበር አሉኝ። እሳቸው ቢናገሩ አሮጊቷ ትንሽ ካሜራ ለመደች ተብሎ ይታለፋል፤ ካሜራዋን የሚሸከመው የማን አንገት ነው? የሚናገረውም እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮው ገባሁ። አቶ ግርማ እስክሪብቶውን ከፍተዋል። የመረጥኩት ካሜራ ስህተት ነው አልኳቸው። ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት። አቶ ግርማ በጨዋነት ሰንጠረዡን አዙረው አሳዩኝ፤ የሠራሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ አሉኝ። ስለ ፎከስ ላስረዳ ሞከርኩ። የእሑዱን ማጅራት አሳየኋቸው። የንብረት ክፍሉ ሰው፣ እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነው የሚሆነው አለ። አርብ ዕለት ሁላችንም አምሮብን ወጥተን የለ እንዴ ሲል ሁሉም በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። አቶ ግርማ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«አቶ ግርማ፣ ይሩጡልኝ» አልኩ።

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ማን? እኔ?»

«እርስዎ። ከዋናው በር እስከ ደረጃው። አርብ ዕለት ያነሳሁዎት ቆመው ነው፤ ካሜራው የሚገዛው ግን ለሚሮጥ ሰው ነው።»

የንብረት ክፍሉ ሰው ጋሼ ግርማ ከሮጡ እኔ ማራቶን እገባለሁ አለ። ይህን ባይል ኖሮ የሚሮጡ አይመስለኝም። አቶ ግርማ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉና ወጡ። ወሬው እንዴት እንደቀደመን አላውቅም፤ ግቢው ስንደርስ መስኮቶቹ ሁሉ ሰው አብቅለዋል።

መጀመሪያ በትልቁ አነሳኋቸው። እያለከለኩ መጥተው ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ።

«ይሄ የጥበቃ ቤቱ ነው» አሉ። «እኔ የታለሁ?»

ጥግ ላይ ያለውን ነጭ ጭጋግ በጣቴ አሳየኋቸው። የንብረት ክፍሉ ሰው ሊስቅ ሲል ገላመጡት። እኔ ትንሿን ካሜራ አንስቼ፣ ይቅርታ አቶ ግርማ፣ አንዴ ይድገሙልኝ አልኳቸው። ላባቸውን በመሐረብ ጠርገው ወደ በሩ ተመለሱ። እኔ ወደሚሮጡበት ገባሁና ጠጠሩ ላይ ተንበረከክሁ። ጉልበቴን ወጋኝ። መስኮቱ ላይ ያሉት ሁሉ እኔን እንደሚያዩ አውቃለሁ፤ ግን ወደ ላይ ለማየት ጊዜ አልነበረኝም።

ፎቶው ላይ ሁለቱም እግሮቻቸው ከመሬት ተነስተዋል። ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጥቷል፤ ጉንጫቸው ተነፍቷል፤ ዐይናቸው ደረጃውን እንደ መጨረሻ መስመር አፍጥጦ ያያል። አቶ ግርማ ትንፋሻቸው እስኪመለስ አዩት። ከዚያ ለልጆቼ የማሳየው በቴሌግራም ላኪልኝ አሉኝና፣ ወረቀቱን አስመጥተው እዚያው የመኪና ቦኔት ላይ ትንሿን ካሜራ ጽፈው ፈረሙ።

እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እትዬ አስቴር ዘንድ ደወልኩ። ክሊኒኩ ወረፋ ላይ ነበሩ፤ ከበስተጀርባ ቁጥር ሲጠራ ይሰማኛል። አቶ ግርማን ሁለት ጊዜ ማስሮጤን ስነግራቸው ወረፋተኛው ሁሉ እስኪዞር ሳይስቁ አልቀሩም። የትኛው ካሜራ እንደተፈረመ ግን አልጠየቁኝም።

«ምን ያህል ቀረብሽው?» ነው ያሉኝ።

«ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር» አልኳቸው።